ሐራራ ነው ያልነው ሕመም

ወንድሜ ፍሪጅ ይጠግን ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ሥራ አጥቶ አያውቅም፤ ሙቀቱ ራሱ ደንበኛ ይልክለታል። ጠዋት ጠዋት መፍቻውንና የጋዝ ሲሊንደሩን ባጃጅ ላይ ጭኖ ከከዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን መጋላ ሲዞር ይቆይና ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉንም ነገር ይተዋል። የአወዳይ ጫት የሚገባበት ሰዓት ነው። ምሳውን ጥርግ አድርጎ ይበላል፣ ሽርጡን ያገለድማል፣ ከጓደኞቹ ጋር ፍራሽ ላይ ክርኑን ተደግፎ ይጋደማል። ከዚያ በኋላ እንኳን የሰው ፍሪጅ የራሱ ቤት ቢቃጠል የሚነሳ አይመስለኝም።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ከባሌ ከተፋታሁ ወዲህ ገንደቆሬ ባለው የእናት አባታችን ግቢ እኔ በአንዱ ወገን፣ እሱ ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር በሌላው ወገን እንኖር ነበር። ሽቶና ድሪያ የምንለውን ስስ የሴት ቀሚስ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ምላስሽ ረጅም ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ይህንንም የምጽፈው ምላሴ አላርፍ ስላለኝ ነው።

ጫትን ልሰድብ አልተነሳሁም። አባታችን እየቃመ ነው ያሳደገን፤ ክፉ አባትም አልነበረም። እኔም ሠርግ ቤት ጀባ ብለው ቅጠል ሲዘረጉልኝ እጄን አልሰበስብም። የወንድሜ ሚስት ግን ጫትን እንደ ጣውንት ነበር የምታየው። «ከሰዓት በኋላ ባል የለኝም» ትል ነበር። ስንት ጊዜ አልቅሳ ለመነችው፣ ስንት ጊዜ ሽማግሌ ላከችበት፤ እሱ ይስቅና ግንባሯን ስሟት ይሄዳል።

ያስቆመው ልመናዋ አልነበረም፤ ልጁ ናት። አንድ ቀን ያቺ ሚጢጢ ከበራችን ላይ ካለው የኒም ዛፍ ቅጠል ቀንጥሳ በጉንጯ ወትፋለች። ኒም ደግሞ ሬት ነው። ፊቷ በምሬቱ ተጨማዶ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ አልተፋችውም። የአባቷን ትራስ ተደግፋ፣ የውኃ ላስቲክ አጠገቧ አቁማ፣ ልንጠራት ስንሄድ «አቦ አትረብሹኝ፣ እየቃምኩ ነው» አለችን። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ወንድሜም መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ቅጠሉን ከአፏ በጣቱ አወጣ። አፏን ደጋግሞ አጠበላት። በማግስቱ «በቃኝ» አለ። ማንም አላመነውም፤ ሚስቱም ጭምር።

ሐራራን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሲቅም የኖረ ሰው ጫቱን ድንገት ሲያጣ ሰውነቱ ያምጻል። ያዛጋዋል፣ ያልበዋል፣ ይነጫነጫል፣ የጎረሰው አይወርድለትም። ሲተኛ ዱካክ የሚሉት ክፉ ሕልም ደረቱ ላይ ይወጣበታል። እኛ ከተማ ይህንን ለማወቅ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም። ሊስትሮው ያውቀዋል፣ ሸኹ ያውቁታል፣ በሕይወቷ ቅጠል በአፏ ያልዞረ አሮጊት ታውቀዋለች። አንድ ሰው ከሰዓት በኋላ ከተቆጣ «ሐራራ ነው፣ ተዉት» ይባላል፤ ይታለፋል። ድሬ ሰውን የምትምርበት ቃል ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልክ እንደተባለው አለፉ። ወንድሜ ምንም ያልሆነ ቬንትሌተር ፈታቶ ገጠመ፤ እንደገና ፈታው። በዘቢብ ጉንጩን ሞላ። ከሰዓት በኋላ ከተማው ጋደም ሲል እሱ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ሚስቱ ከኋላው ከኋላው ሻይ ይዛ ትከተላለች። ፊቷ እንዲያ በርቶ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ላይ የፍየል ሥጋ በሩዝ ሠራችለት። ወንድሜ ከጫት በፊት ያለችውን ምሳ በሕይወቱ አስተጓጉሎ አያውቅም፤ ካቆመም በኋላ አፉን እየመረረውም ቢሆን ይበላት ነበር። ያን ቀን ሳህኑን አይቶ ገፋው።

«ሆዴን ቅር ብሎኛል» አለ። «እምብርቴ ዙሪያ የሆነ ነገር ይቆረጥመኛል።»

«ሐራራ ነው፣ አይዞህ» አለችው ሚስቱ።

«ጫቱ ዕቃውን ጠቅልሎ እየወጣ ነዋ!» አልኩ እኔ። ሳቀ። ሲስቅ ሆዱን ያዝ አደረገ። ጥቂት ቆይቶ ከቤቱ ጀርባ ሄዶ አስመለሰው።

ግቢያችን ውስጥ አዮ የምንላት አሮጊት ጎረቤት አለች። አዮ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ እሷም የሁላችንም እናት ነበረች። ማስመለሱን ስትሰማ አንድ ጣሳ የግመል ወተት ይዛ መጣች። የግመል ወተት ሆድ ያጥባል ይባላል፤ ላልለመደው ደግሞ እንደ ጉድ ያስሮጣል።

«ያ ሁሉ ዓመት የቃመው መርዝ ሆዱ ውስጥ ነው ያለው። ይታጠብ!» አለች። ተጎነጨ። እሱንም አስመለሰው። «አየሽ፣ እየወጣለት ነው» አለች አዮ፤ ሁላችንም አዎ አልን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ንዴቴ ያለው እዚህ ነውና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ይተርታሉ። ወንድሜ ግን አልደበቀም። ሆዴን አመመኝ ብሎ ለሚስቱ ነገረ፣ ለኔ ነገረኝ፣ ለጎረቤት ነገረ፣ ሊጠይቁት ለመጡት ሁሉ ነገረ። ሁላችንም ሰማነው። ሁላችንም ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ስሙን አወጣንለት።

በማግስቱ ጠዋት ሕመሙ ቦታ ለውጦ ነበር። ከእምብርቱ ለቆ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወርዷል። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፤ «ትናንት ሆዴን በሙሉ ነበር፣ ዛሬ እዚህች ጋ ተሰበሰበ» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። እኔ ደግሞ ከተሰበሰበ ሊያልቅ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ሽንት ቤት ሲሄድ ጎብጦ፣ ቀኝ እጁን ከወገቡ በታች ለጥፎ፣ መሬቱን የሚያመው ይመስል በቀስታ እየረገጠ ነበር። ሲያስለው ይጨመደዳል። ሲጋደም ቀኝ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል እንጂ አይዘረጋም። ትንሽ ትንሽ ይተኩሰዋልም።

ልጁ የአባቷን መታመም መች አውቃ፤ እንደ ልማዷ ከደጅ ሮጣ መጥታ አልጋው ላይ ዘላ ወጣች። ልጅቷ አልነካችውም፤ አልጋው ብቻ ነው የተነቃነቀው። ወንድሜ የጮኸው ጩኸት እስከ መንገድ ተሰማ። ከዚያ ሰድቦ የማያውቃትን ልጁን ሰደባት። እሷ ደንግጣ ጥግ ገባች፤ እሱም ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ።

«ሐራራው ነው እንጂ አባትሽ አይደለም፣ እሺ?» አለቻት እናቷ እያባበለቻት።

ሁሉም ነገር ልክ ይገጥም ነበር፤ ዛሬም ድረስ የሚያሳብደኝ እሱ ነው። አልበላም፤ ሐራራ ያለበት ሰው አይበላም። አላበው፤ ያልበዋል። ተቆጣ፤ ይቆጣል። ተኮራምቶ ተኛ፤ ይኮራመታል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሕመሙ የጀመረው በምሳ ሰዓት፣ ጫቱ ከተማ በሚገባበት ሰዓት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ገንደቆሬም በሙሉ አንድ ቃል ይዞ አልለቅም አለ።

ሚስቱ ግን አንዴ ልቧ ጠረጠረ። አጠገቡ ቁጭ ብላ «ክሊኒክ ልውሰድህ?» ስትለው ሰምቻለሁ።

«ምን ብዬ ልሂድ?» አላት። «ጫት አቁሜ ሆዴን አመመኝ ልበል? አቦ ተይኝ፣ ሰው ይስቅብኛል። ወላሂ ይሄን ካለፍኩ አልመለስም።»

እሷም ተወችው። የፈራችው ሕመሙን ሳይሆን መመለሱን ነበር። ከቤት ከወጣ፣ ጫት ተራው መንገድ ላይ ነው ያለው።

ከሰዓት በኋላ የልጅነት ጓደኛው መጣ። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አብረው ኳስ የገፉ፣ አብረው መቃም የጀመሩ። በብብቱ በላስቲክ የተጠቀለለ ጫት ይዟል። የወንድሜ ሚስት በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«ይህን ይዘህ አትገባም።»

«አንቺ፣ ሰውየው እየሞተ ነው! አንድ ጉንጭ ብቻ ያድርግና ይረፍ።»

«ይሙታ!» አለችው። በንዴት ያለችው ነው። አላህ ያውቃል፣ በንዴት ብቻ ነው። ግን አለችው፤ አዮም ሰማች፣ እኔም ሰማሁ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያሉትም ሰሙ።

ከውስጥ የወንድሜ ድምፅ መጣ፤ «አልቅምም! ይዘህልኝ ሂድ!» አለ። ጓደኛው ጫቱን ይዞ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። እኔ በዚያች ሰዓት በወንድሜ ኮራሁ። እንዲህ ያለ ጀግና ከእናቴ ሆድ መውጣቱ ገረመኝ።

ጀምበር ሳትጠልቅ ሕመሙ ድንገት ለቀቀው።

እንዴት እንደነበር መናገር ይከብደኛል። ሚስቱ ከጓዳ «ነይ! ነይ!» ብላ ጠራችኝ። ስገባ ወንድሜ ትራሱን ተደግፎ ቀና ብሏል። ፊቱ ገርጥቷል፤ ነገር ግን ከግንባሩ ላይ ያ የተቋጠረ ነገር ጠፍቷል።

«ለቀቀኝ» አለኝ። «የሆነ ነገር ውስጤ ፈታ አለና፣ ጥፍት። አልሐምዱሊላህ።»

አዮ እልል አለች። ሚስቱ እጁን ይዛ ሳመችው፣ አለቀሰች፣ ሳቀች። ልጅቷን አምጥታ በቀስታ አጠገቡ አስቀመጠቻት፤ እሱም «ይቅር በይኝ፣ ሐቢብቲ» ብሎ ፀጉሯን ዳበሰ። ሻይ በቅርንፉድ አምጡልኝ አለና ሁለት ጊዜ ፉት አለለት። ጎረቤቱ ሐራራውን አሸነፈው ተባባለ። አንዱ ሰውዬ እንዲያውም በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «እንዴት አደረግከው? እኔም ላቆም ነበር» አለው። እኔ ሱቄን ሳልከፍት የዋልኩበት ቀን አልቆጨኝም። በዚያ ቤት ውስጥ ከሠርጋቸው ቀን በኋላ እንደዚያች ሰዓት ያለ ደስታ አላየሁም።

ያን ሰዓት አንጀቱ ፈንድቶ መግሉ ሆዱ ውስጥ እየተሰራጨ ነበር። እኛ ሻይ እናፈላለን።

ሲነጋ እንደ እሳት ይተኩስ ነበር። ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ሚስቱ ሆዱን ስትነካው እጇን መልሳ አነሳችና አየችኝ። እኔም ነካሁት። የሰው ሆድ አይመስልም ነበር፤ ደርቆ ሳንቃ ሆኗል። ያን ጊዜ ሐራራ የሚለው ቃል ከአፋችን ጠፋ፤ ሌላ ቃል ግን አልነበረንም።

ያ ጓደኛው በባጃጁ ወሰደን። በየጉብታው ላይ ወንድሜ እንዳይጮህ ነጠላዬን ይነክስ ነበር። ጓደኛው ወደ ኋላ ዞሮ ያያል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ደግሞ ሰዓቱ ሲያስፈራው ይጨምራል። ዕንባው በአገጩ ይወርድ ነበር።

ሆስፒታል ያየው ሐኪም ወጣት ነው። ሆዱን በጣቶቹ ቀስ ብሎ ተጭኖ ድንገት ለቀቀው፤ ወንድሜ ሲጫነው ሳይሆን ሲለቀው ጮኸ።

«መቼ ጀመረው?» አለ።

«ጫት ካቆመ ወዲህ ነው» አለች ሚስቱ።

«ጫቱን ተዪውና ሕመሙን ንገሪኝ። መጀመሪያ የት ጋ ነበር? ከዚያስ ወዴት ሄደ?»

ተያየን። ሁሉንም እናውቀው ነበር። እምብርቱ ዙሪያ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ወደ ታች። መጀመሪያ መብላት እምቢ አለ፣ ከዚያ አስመለሰው፣ ከዚያ ትኩሳት። ሲያስለው፣ አልጋው ሲነቃነቅ ያመዋል። ትናንት ደግሞ ድንገት ለቀቀው። የወንድሜ ሚስት አንድ በአንድ ስትናገር ሐኪሙ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማት ነበር፤ የመጨረሻውን ስትለው ግን መነቅነቁን አቆመ። «ትርፍ አንጀት ነው። ሲፈነዳ ነው የለቀቀው» አለና አልጋው እንዲገፋ አዘዘ።

ቀዶ ጥገናውን አደረጉለት፤ አጠቡት፣ ቱቦ አደረጉለት፣ መድኃኒት በደም ሥሩ አፈሰሱለት። የቻሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ እነሱን የምወቅስበት አፍ የለኝም። መርዙ ግን ደሙ ውስጥ ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው፣ ሚስቱና እኔ አጠገቡ ተቀምጠን፣ ወንድሜ ሞተ። እስከ መጨረሻው ጫት አላማረውም።

ከዚያ ለቅሶው ነው። ወንዶቹ ደጅ በተጣለው ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ፤ ቁርአኑ ተቀራ፣ ዱአው ተደረገ፣ እንደ አገሩ ወግ ጫቱም መጣ። እኛ ሴቶቹ ውስጥ ነን። የወንድሜ ሚስት ዒዳ ገብታለች፤ ባሏ የሞተባት ሴት ወግ ስለሆነ ከቤት አትወጣም። ከድንኳኑ የሚለያት አንድ መጋረጃና አንድ መስኮት ብቻ ነው።

በዚያ መስኮት የጓደኛው ድምፅ ገባ። ከልቡ እያለቀሰ ነው የሚናገረው፤ ክፋት አልነበረውም።

«ሰውነቱ የለመደውን ድንገት ነጥቀንበት ነው። ያን ቀን አንድ ጉንጭ ብሰጠው ኖሮ ዛሬ እዚህ አጠገቤ ጋደም ብሎ ነበር። አላስገባም አሉኝ።»

«እንዲያ በአንዴ አይቆምማ» አለ ሌላው። «ሰው ይገድላል።» ሌሎቹም እህ እህ አሉ። ያ በአጥሩ ብቅ ብሎ እኔም ላቆም ነበር ያለው ሰውዬ «ተውኩት ባክህ» ሲል ሰማሁት። ከሴቶቹም መሐል አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች። ዝቅ ብላ ያለችው ለመሰማት ነበር።

እኔ መቻል አቃተኝ። መጋረጃውን ገልጬ ድንኳኑ በር ላይ ቆምኩ። ሴት በዚያ ሰዓት ወንዶቹ ፊት አትቆምም፤ ቆምኩ። «ትርፍ አንጀቱ ነው የፈነዳው! ሐኪሙ ከፍቶ አይቶታል! ጫት ቢቅምም፣ ባይቅምም ይፈነዳ ነበር!» አልኳቸው። በትሕትና ሰሙኝ። ሽማግሌው «ልክ ነሽ ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ» አሉኝ። ገና ዞር ከማለቴ ወሬው ካቆመበት ቀጠለ። ከተማው የወንድሜን ሞት ጽፎ ጨርሷል፤ ጫት ያቆመ ሰው እንደሆነ፣ በማቆሙም እንደሞተ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ባሉት ቀናት ከሚስቱ ጋር ብቻችንን ስንቀር በየቀኑ እደግምላት ነበር። ጫቱ አይደለም፣ አንቺም አይደለሽም፣ ትርፍ አንጀት ማንንም ይይዛል፤ ሕፃን ይይዛል፣ ሸኽ ይይዛል። ትሰማኛለች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቷ ተኝታ፣ ቬንትሌተሩ ብቻ እየዞረ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ሲቅም ቢሆን ኖሮ፣ ያን ቀን ሆዴን ሲል ምን እንል ነበር?»

ላጽናናት ፈለግኩ። መልሱን ከመስጠቴ በፊት አላኘክሁትም።

«ጫቱ ነው እንል ነበር» አልኳት። «የጫት ድርቀት ነው፣ ጨጓራ ነው እንለው ነበር። ስለዚህ ያው ነው፤ ባያቆምም ያው ነበር።»

 የተናገርኩት ነገር ለራሴም ቀስ እያለ ገባኝ።

«ሲቅም ጫቱ ነው» አለች። «ሲተው ሐራራው ነው። ታዲያ እህቴ፣ ባሌ መቼ ነው የሚታመመው?»